ጋሽ ዱጉማ ሳያነሱት አይገዛም

በአዲስ አበባ ምድር መራጭ የሌለው ሰፈር የለም። ውሃ የሌለው ሰፈር አለ። መብራት ሲያሰኘው የሚመጣበት፣ ሲያሰኘው የሚቀርበትም ሞልቷል። «እኔ ሳላየው እንዳትገዢ» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን አለ ብትሉኝ አላምናችሁም። የምትገዙት ፍሪጅም ይሁን ፍራሽ፣ በግም ይሁን የበር ቁልፍ፣ ይህ ሰው ካላየው ዕቃው አልተገዛም፤ ገንዘባችሁ ብቻ ነው የጠፋው። ታውቁታላችሁ። ደረጃ ላይ ያገኛችኋል፣ ቦርሳችሁን ያያል፣ ጫማችሁን ያያል፣ ከዚያ «ወዴት ነው?» ይላል። መልሱን እኮ ያውቀዋል። የሚጠይቀው ጃኬቱን ለብሶ እስኪመጣ እንድትጠብቁት ነው።

የእኛው ጋሽ ዱጉማ ይባላሉ። ሙሉ ማዕረጋቸውን ልጥራ ካላችሁ፣ ክቡር ጋሽ ዱጉማ፣ ሥዩመ ብሎክ፣ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የዕቃ ሁሉ መርማሪ፣ የቅርጫ በሬዎች ሁሉ አባት ናቸው። እኔ አቻምየለሽ እባላለሁ። እሳቸው ከሚኖሩበት ብሎክ ሥር ባለችው ሱቅ የሴቶች ፀጉር እሠራለሁ። ምላሷ ይረዝማል ይሉኛል። ፀጉር ሠሪ ነኝ፣ ምን ላድርግ።

ጋሽ ዱጉማ የዚሁ አገር ሰው ናቸው። ብሎኮቹ ሳይተከሉ፣ እዚህ ጤፍና ሽምብራ ሲዘራ፣ የመንደሩ ሰው በሬ ሊገዛ ሲወጣ ገና ጎረምሳ የነበሩትን ዱጉማን ይዞ ነበር ገበያ የሚወርደው። ኋላ ፋብሪካ ገብተው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የጫኝና አውራጆች አለቃ ሆነው ሠሩ። ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች አንድ ትልቅ እውቀት ይዘው ወጥተዋል፤ ጥሩ ነገር ከባድ ነው። በሬ ከሆነ ሥጋ አለው፣ ዕቃ ከሆነ ውስጡ ሙሉ ነው። የቀለለ ነገር የሆነ ቦታ የጎደለው አለ። አዲስ ስልክ ገዝቼ ባሳያቸው፣ ስክሪኑን እንኳ ሳይነኩ በመዳፋቸው መዝነው «ይህቺ ሆዷ ባዶ ነው» ብለው መለሱልኝ።

አንዴ ከአንድ ጎረቤታችን ጋር ፍራሽ ሊመርጡ ሄደው ሱቁ ውስጥ ተኙበት። ጋደም ብሎ መሞከር አይደለም የምላችሁ፤ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባለሱቁ ቢቀሰቅሳቸው «ገና በግራ ጎኔ አልሞከርኩትም» አሉት። ፍሪጅ ሲመርጡ ደግሞ ጀርባውን በጡጫ መትተው፣ ጆሯቸውን ጎኑ ላይ ለጥፈው ያዳምጡታል። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ቀናው ቴሌቪዥን ብቻውን ገዝቶ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሲያስገባ ደረጃ ላይ ያዙት። ቤቱ ድረስ ተከትለውት ገቡ፣ ብርድ ልብሱን አስፈቱት፣ ቴሌቪዥኑን በሁለት እጃቸው አነሱት። «ቀናው፣ ይሄ እኮ ወረቀት ነው» አሉት፣ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ቀናው ያን ቴሌቪዥን እስከ ዛሬ በሙሉ ልብ አያየውም።

ባለቤታቸው እትዬ ጋዲሴ ሲናገሩ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ጋሽ ዱጉማ ሳይመርጡት የገባ አንድ ነገር ቢኖር ባልየው ራሳቸው ናቸው። «የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሳላነሳው ወሰድኩት» ይላሉ እየሳቁ።

በሬ ላይ ግን ቀልድ የለም። ለበዓል ብሎካችን ተዋጥቶ የቅርጫ በሬ ሲገዛ፣ ጋሽ ዱጉማ በማለዳ አሮጌዋን ሰማያዊ ቮልሳቸውን አስነስተው ወደ ከብት ገበያ ይወርዳሉ። ይዘውት የሚመጡት በሬ ደረጃችንን ወጥቶ ቢገባ ብሎኩ የሚያዘነብል ነው የሚመስለው። የሥጋው መደብ ሲከፋፈል ቅር ያለው ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ያ ሁሉ ኩራት የመጣው ከዚያ ነው፤ እውነቱን እንናገር ካልን ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። ሱቄ ጥሩ ናት፤ ጥፋቷ ፊቷን ወደ ኮሙናሉ፣ ወደ ነዋሪው የጋራ መጠቀሚያ ቤት ግድግዳ ማዞሯ ብቻ ነው። ፀሐይ እኔ ጋ አትደርስም። ያለችኝ ከጣሪያው ላይ የተንጠለጠለች አንዲት ቢጫ አምፖል ናት። ሹሩባ በእሷ ይሠራል፣ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥርም ይገባል። ሙሽራ ግን አይሠራም። በቢጫ መብራት የተቀባ ፊት ውጭ ሲወጣ ምን እንደሚመስል አይቻለሁ፤ እናንተን አያሳያችሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፀጉር ቤት መስታወቷን ዙሪያውን ነጭ መብራት አልብሳዋለች፣ ሙሽራ ሁሉ ወደዚያ ይሻገራል። የሱቅ ኪራይ ደግሞ በሹሩባ ብቻ አይከፈልም። ዘግቼ እንደ ድሮዬ ሰው ቤት ልቀጠር እያሰብኩ ሳለ እድላዊት መጣች።

እድላዊት ተማሪ ሳለች ጀምሮ ፀጉሯን የምሠራት የጎረቤት ልጅ ናት። ሠርጓ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል፣ ከአንቺ ሌላ ማንም አይነካኝም አለችኝ። አክስቷ ወይዘሮ አሰፋች ከኋላዋ ቆመው ነበር። ቀና ብለው አምፖሏን አዩአት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ፣ «በዚህች?» አሉ። እስከዚያ ቀን መስታወቱ በመብራት ይከበባል ብዬ መለስኩ። ይህን ያለው አፌ ነው፤ እኔ ራሴ ከእሳቸው እኩል ነው የሰማሁት። እድላዊት አምናኝ ሄደች። ያቺ ልጅ አምሮባት ከታየች ሚዜዎቿም የሚዜዎቿ ጓደኞችም የእኔ ናቸው፣ ሱቄ ትተርፋለች። ካላማረባት ደግሞ፣ ወይዘሮ አሰፋች የማያውቁት ሰው በቱሉ ዲምቱ ስለሌለ፣ ቁልፉን ለአከራዬ መመለስ ነው።

በመብራት የተከበበ መስታወት ዋጋ ስጠይቅ መስታወቱን ትቼ የሱቁን በር ፈለግኩ። ስለዚህ ራሴ ልሠራው ወሰንኩ። አቃቂ በሰቃ ቴሌቪዥን የሚጠግን አብርሽ የሚባል ሰው አለ፣ ሚስቱ ደንበኛዬ ናት። እሱ አስረዳኝ። የኤል ኢ ዲ ጥብጣብ ትገዣለሽ፣ እንደ ፕላስተር በመስታወቱ ዙሪያ ትለጥፊዋለሽ። ከግድግዳው የሚመጣው ኃይል ግን ለእነዚያ ጥቃቅን መብራቶች እሳት ነው፤ መሐላቸው ገብቶ የሚያበርደው ሳጥን ያስፈልጋል፣ ፓወር ሰፕላይ የሚባለው። «ጣጣ የለውም፣ ሁለት ነገር ብቻ እይ» አለኝ። አሥራ ሁለት ቮልት ይሁን፤ አምፔሩ ደግሞ ጥብጣቡ ከሚበላው ትንሽ ተረፍ ይበል። ይህን ብሎ ሲያበቃ፣ የተጻፈውን ብቻ አምነሽ እንዳትሰቅዪው፣ መጀመሪያ እኔ ጋ አምጪውና ልለካልሽ አለኝ።

ብቻዬን ሄጄ ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሞክሬያለሁ እኮ። ቦርሳ አልያዝኩም፣ ስሊፐር አድርጌ ዳቦ የምገዛ መስዬ ወጣሁ። ጋሽ ዱጉማ ደረጃው ሥር ቆመው ስሊፐሬን አዩ፣ የተኳልኩትን ዓይኔን አዩ። «ዳቦ ቤቱ ቦታ ቀየረ እንዴ?» አሉ። «እኔ ሳላየው እንዳትገዢ» ብለው ጃኬታቸውን ሊያመጡ ወጡ፣ እኔም ስሊፐሬን በጫማ ቀይሬ ጠበቅኳቸው።

መርካቶ ገባን። ጥብጣቡን ቶሎ ገዛን፤ እንደ ክር ስለሚመዘን ጋሽ ዱጉማ ከነጭራሹ ናቁት። መከራው የመጣው ከሳጥኑ ጋር ነው። የመጀመሪያው ሻጭ ጎኑ ሁሉ ቀዳዳ የሆነ ቀጭን የብረት ሳጥን አቀረበ። ጽሑፉን አየሁት፤ ቮልቱም አምፔሩም ልክ አብርሽ እንዳለው ነው። ጋሽ ዱጉማ ግን ጽሑፍ አያዩም። «ላዩ ላይ ማንም ይጽፋል» ይላሉ፤ በዚህስ ማን ይከራከራቸዋል። ሳጥኑን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከፍ ዝቅ አደረጉት፣ የበሬ ሽንጥ እንደሚዳሰስ ጎንና ጎኑን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አሉት። ከዚያ ለሻጩ በአክብሮት መለሱለት። ገና ጥጃ ነው፣ እናቱ ጋ መልሰው አሉት።

ከዚያ በኋላ የገባንባቸውን ሱቆች ቤቱ ይቁጠራቸው። አንደኛው ሳጥን ሲሰካ ውስጡ ያለችው ማራገቢያ ስለጮኸች «ያስለዋል» ተባለ። ሌላኛው ጥግ ጥጉ ዝገት ነካ ስላደረገው እከክ አለበት ተባለ። አንዱን ሻጭ ይሄ የት ነው የተወለደው ብለው ሲጠይቁት ቻይና አላቸው። ሁሉም የሚወለደው እዚያ ነው፣ እኔ የምጠይቅህ ዘሩን ነው አሉት። እግሬ አብጦ፣ ጋሼ አብርሽ እንዲህ ብሎኛል እኮ፣ አሥራ ሁለት ቮልት፣ አምፔሩ ደግሞ እያልኩ ልለማመጣቸው ሞከርኩ። አንገታቸውን እየነቀነቁ በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ አብርሽ በሬ ገዝቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። የሚያውቅ አይመስለኝም አልኩ። «እንግዲያው» አሉና ወደሚቀጥለው ሱቅ ገቡ።

የመጨረሻው ሻጭ ተንኮለኛ ነበር። ጎረቤቱ ሱቅ ውስጥ ሳጥን ሲመዝኑ በር ላይ ቆሞ አይቷቸዋል። ገና ሳንገባ አባቴ፣ ለእርስዎ የሚሆነውን እኮ ለሁሉም ሰው አላወጣውም አለና ከባንኮኒው ሥር አጎንብሶ፣ እያቃሰተ አንድ ጥቁር ሳጥን አወጣ። ሲያስቀምጠው ባንኮኒው ጮኸ። ጋሽ ዱጉማ አነሱት። አስቀመጡት፣ ደግመው አነሱት። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ የእኔ መስታወት እንዲያ በበራ። «አንሺው እስቲ» ብለው ሲሰጡኝ እጄ ወደ መሬት ወረደ። ይሄ ቢጠመድ ያርሳል አሉ። ሻጩ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። የሳቅነው በተለያየ ነገር እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ስንመለስ ሳጥኑን በሚኒባሱ ውስጥ ታቅፈውት ተቀመጡ፤ ረዳቱ የጭነት ሊያስከፍለን ከጅሎ ነበር። አቃቂ ስንቃረብ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ በሰቃ ወረድ ብለን አብርሽ ጋ እናስለካው ይሆን አልኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«የእኔን በሬ ለሌላ ሰው ወስደሽ አሳይተሽ ታውቂያለሽ?»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ዕድሜ ልኩን ለሰው ሲመርጥ የኖረ ሽማግሌ እንዲያ ሲል አንጀቴ አልቻለም። በሰቃ ላይ ወራጅ ሳልል አለፍኩ። ስሕተቱ የተሠራው እዚያ ነው፣ እሳቸው ሱቅ ውስጥ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ አይደለም። እኔ ሚኒባስ ውስጥ አፌን ስዘጋ ነው፤ አፌን የምዘጋው ደግሞ ስንት ጊዜ አንዴ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉ ነገር ሰመረ። ጥብጣቡን በመስታወቱ ላይኛው ግማሽ ብቻ ለጥፌ ሳበራው ሱቋ ቀን ሆነች። ጋሽ ዱጉማ ብሎኩን በሙሉ ጠሩት። ሰው መብራቱን ሊያይ መጥቶ ሳጥኑን አንስቶ መዝኖ ሄደ፤ አሮጊቶች ሳይቀሩ አንስተዋል። ሳጥኑ ቶሎ ቶሎ ይሞቅ ነበር። ይህን ስነግራቸው መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳርፈው፣ ጤነኛ ከብት ሞቅ ይላል አሉኝ። በሠርጉ ዋዜማ የቀረውን ጥብጣብ ለጥፌ ዙሪያውን ጨረስኩ።

የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ማለዳ እድላዊት ከነሚዜዎቿ፣ ከነወይዘሮ አሰፋች ገባች። መጋረጃውን ዘጋሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ። መስታወቱ ከእግር እስከ ራሱ በራ፤ ወይዘሮ አሰፋች እንኳ ሳያስቡት ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሥራ ጀመርኩ። የልጅቷን ግራ ጉንጭ ጨርሼ ወደ ቀኙ ስዞር መብራቱ ተርገበገበ። ሳጥኑ ጠቅ ጠቅ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፣ ከዚያ ድርግም። ያቺ ቢጫ አምፖል ብቻ ቀረች፣ ከላይ ሆና የምትስቅብኝ መሰለኝ።

እድላዊት ግማሽ ፊት ሙሽራ፣ ግማሽ ፊት ተማሪ ሆና ተቀምጣለች። እንባዋ የተቀባውን እንዳያበላሸው ወደ ጣሪያ ቀና ብላ ነው የምታለቅሰው። ወይዘሮ አሰፋች ተነሱ። «በሉ ተነሱ፣ ወደ ማዶ እንሻገር» አሉ። ይኸው ሱቄ ተዘጋች አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ዱጉማ በዚያው ሰዓት ለዳግማዩ ቅርጫ በሬ ሊወርዱ ቮልሳቸውን አስነስተው፣ ሱቄ ፊት ለፊት ቀናውን እየጠበቁ ነበር። ሽታው ደረሳቸው መሰለኝ፣ በመጋረጃው ጥግ አንገታቸውን አስገቡ። ሙሽራዋን አዩ፣ መስታወቱን አዩ። ገብተው ሳጥኑን አነሱት። እኔ ሳውቃቸው አንድ ዕቃ አንስተው ያለ ምንም ንግግር ሲያስቀምጡ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። ወጥተው ሄዱ። በሬው በለጠብን አልኩ፤ ሌላም ነገር ብያለሁ፣ በዓል ስለሆነ ይቅር።

ወዲያው የቮልሷ ሞተር ጠፋ። የኋላ ወንበሯ ሲነቀል ሰማሁ። ከዚያ ጋሽ ዱጉማ የመኪና ባትሪያቸውን እንደ ጠቦት ታቅፈው እያለከለኩ ገቡ።

«አሥራ ሁለት ነው ያልሽው አይደል? ይሄም አሥራ ሁለት ነው።»

ለካ መርካቶ ያን ሁሉ ስለፈልፍ ይሰሙኝ ነበር። ሁለቱን ሽቦዎች ከሳጥኑ ፈትተን ወደ ባትሪው ወሰድን፣ ቀዩን ከመደመሪያው፣ ጥቁሩን ከመቀነሻው። መብራቱ ቦግ አለ። ሽቦው ቀጭን፣ የባትሪው ጆሮ ወፍራም ስለሆነ ግን እየተንሸራተተ ያስቸግር ጀመር። አንድ ሰው በልብስ መቆንጠጫ ይዞት መቀመጥ አለበት። ሴቶቹ እጃቸው ወይ ጥፍር ቀለም ነው፣ ወይ ፀጉር ነው። ወይዘሮ አሰፋች ደግሞ ሚዜዎቹ ልብስ የሚቀይሩበት ቤት ወንድ አይቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ ዱጉማ አልተከራከሩም። በርጩማ ስበው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ጃኬታቸውን በራሳቸው ላይ ጣሉ፣ እጃቸውን ብቻ አውጥተው ሽቦውን ያዙ።

ቀናው ውጭ መኪናዋ አልነሳም ብላው ይጣራል። በሬው ሳይሸጥ ቶሎ እንውረድ ይላል። ጋሽ ዱጉማ ከጃኬቱ ሥር ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ቀናው፣ በታክሲ ውረድ። ዛሬ አንተ ምረጥ» አሉት። እኔም ብሩሼን ይዤ ቆምኩ። እኚህ ሰው ሐኪም ተኝተው ይክረሙ ባላቸው ዓመት እንኳ ለበሬ ወርደዋል።

ቀናው ሲሄድ፣ ከጃኬቱ ሥር የጋሽ ዱጉማ ድምፅ እንደገና መጣ። ሙሽራውን ለመሆኑ ማን ነው ያየው ይላሉ። ወይዘሮ አሰፋች ኮስተር ብለው እኔ አይቼዋለሁ አሉ። «አንስተውታል?» አሉ ጋሽ ዱጉማ።

እድላዊት በሳቅ ፈነዳች። ሚዜዎቹ ወንበር ላይ ወደቁ። ወይዘሮ አሰፋች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ያን ጊዜ የልጅቷ እንባ ደረቀ፣ እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ቀኙን ጉንጭ ከግራው አሳምሬ ጨረስኩት። ጋሽ ዱጉማ የመጨረሻዋ ሚዜ እስክትነሳ ከዚያ በርጩማ ንቅንቅ አላሉም፣ አንዴም ወደ ኋላ አልዞሩም።

እድላዊትን ውጭ አውጥተን ፀሐይ ላይ አቆምናት። ወይዘሮ አሰፋች አገጯን ይዘው ወደ ግራ አዞሯት፣ ወደ ቀኝ አዞሯት። «ለመልሱም እዚሁ ነው የምንመጣው» አሉ። ቁልፉን ለአከራይ አልመለስኩም። ጋሽ ዱጉማ ወገባቸውን ይዘው፣ ባትሪያቸውን ታቅፈው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ከባድ ነገር አያሳፍርም አላልኩሽም?» አሉኝና ወደ ቮልሳቸው ሄዱ።

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ቀናው የገዛው በሬ ግን መጣ። አጥንቱን ብቻ ይዞ መጥቶ ሥጋውን ገበያው ላይ የረሳው ነው የሚመስለው። መደቡ ላይ ሰው ሁሉ አጥንቱን እያገላበጠ አጉረመረመ፤ የተወቀሰው ደግሞ ቀናው አይደለም። ሽማግሌው ሴቶች ፀጉር ቤት ተቀምጦ ነው እንጂ ተባለ። በሳምንቱ አብርሽ ሳጥኑን ሊያየው መጥቶ ከፈተው። ውስጡ ግማሽ ጥብጣብ እንጂ ሙሉውን የማትችል አንዲት ሚጢጢ ነገር ጥግ ይዛ ተቀምጣለች፤ የቀረው ሲሚንቶ ነው። ለክብደት ብለው ሞልተውበታል። አብርሽ ሲስቅ በር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ሰማ፣ ቀናውም የቴሌቪዥኑን ቂም አልረሳም። ማታውኑ ብሎኩ በሙሉ ጋሽ ዱጉማን «ሲሚንቶ» ማለት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ እሳቸውን ማየት ቀረ። በሱቄ በኩል የሚያልፉት ሰው በጀርባ በኩል ዞረው መግባት ጀመሩ። አንድ ቀን ሆን ብዬ ቦርሳዬን አንግቤ፣ ጫማዬን አድርጌ ደረጃው ሥር ቆምኩ። አዩኝ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላምታ ሰጡኝና አለፉ። ወዴት ነው አላሉኝም። እትዬ ጋዲሴን ብጠይቃቸው፣ ሰሞኑን ሽንኩርት ግዛ ሲባል እንኳ አንቺው ብትገዢ ይሻላል እንደሚሏቸው ነገሩኝ። እኔ ያን ሰው ስሸሸው ነው የኖርኩት። ስሊፐር አድርጌ እስከመውጣት ደርሻለሁ። ግን ናፈቁኝ፤ ምን ብዬ ልሸፋፍነው።

በመጨረሻ አብርሽ ጋ ወረድኩ። የሚሆነኝን ፓወር ሰፕላይ ለክቶ፣ ሞክሮ ሰጠኝ። ቀጭን ነው፣ በሁለት ጣት ይነሳል፤ ጋሽ ዱጉማ ቢያዩት ጥጃ አይሉትም፣ ጫጩት ነው የሚሉት። ያን ጥቁር ሳጥን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘፍ አደረግኩና አዲሱን እዚህ ውስጥ አስገባልኝ አልኩት። አብርሽ «ፍሬንድ፣ ጤና ነው?» በሚል ዓይን አየኝ። ሲሚንቶውን ፈልፍሎ ሊያወጣ መሮ አነሳ።

«ሲሚንቶውን እንዳትነካው» አልኩት።

አጉረመረመ። ሙቀቱ መውጫ ያጣል ብሎ ጎኑን ሁሉ በሳው፣ ማራገቢያ ጨመረበት፣ ከሲሚንቶው አጠገብ በነበረችው ክፍት ቦታ አዲሱን አሰረው። ሱቄ ወስጄ ከመስታወቱ ጋር አገናኘሁት። ከዚያ ለእትዬ ጋዲሴ መልእክት ሰደድኩ፤ ያ ዕቃ አገግሟል፣ ጋሼ መጥተው ይዩልኝ ትላለች በሉልኝ ብዬ።

መጡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በሩ ላይ ቆሙ። መስታወቱ ዙሪያውን በርቷል፣ አንዲት ደንበኛ ካስክ ሥር ተቀምጣለች። አብርሽ ጠገነው እንዴ አሉኝ። ትንሽ ቢጤ ነክቶታል፣ ዋናው የእርስዎው ነው አልኳቸው። መዳፋቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ፣ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው በሁለት እጃቸው አነሱትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከፍ አደረጉት፣ ዝቅ አደረጉት። ግንባራቸው ቋጠር አለ፣ ነቅተውብኛል ብዬ ደነገጥኩ። ደግመው መዘኑት። ቀስ በቀስ ያ መርካቶ ያየሁት ብርሃን ፊታቸው ላይ ተመለሰ።

«ደልቧል» አሉ።

እውነት ነው፤ ከድሮው ሲሚንቶ ላይ አዲሱ ተጨምሮበታል። ወደ ደንበኛዬ ዞረው፣ ይሄ መጀመሪያ ስገዛው እንዲህ አልነበረም፣ ጥሩ ቤት የገባ ከብት ይታወቃል ብለው አስረዷት። ልጅቷ ከካስኩ ሥር ምንም ሳይገባት አንገቷን ነቀነቀች። ሳጥኑንም እንድታነሳው ሰጧት፤ እሷም አንስታ መሰከረች።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «ሁለተኛ ካስክ ልገዛ አስቤያለሁ።»

ሳጥኑን ሲያስቀምጡ እጃቸው ቸኮለ። «እኔ ሳላየው እንዳትገዢ» አሉኝ። ሸሚዝ ብቻ ለብሰው ነበር የመጡት። ጃኬታቸውን ሊያመጡ ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው፣ እኔም ቦርሳዬን አንግቤ ጠበቅኳቸው።